ከሉን ማን ያስወልቀን?

ወዳጆቼ፣ ባለፉት ሳምንታት ስለ ራሽን መቀነስና ስለ ሰነድ ጉዳይ ስጽፍ ቆይቻለሁ። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ጽፋችሁልኛል፤ እመለስበታለሁ። ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ ዘፈንና ስለ ፊልም ነው። «ሰው በሚራብበት ሰዓት ስለ ዘፈን?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስል ነበር። እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ከዚያ ውቀሱኝ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

አገር ቤት ሐዘን ሥርዓት አለው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይዘጋል። ሴቷ ከል ትለብሳለች፣ ወንዱ ጺሙን ያሳድጋል። ሠርግ ያለበት ጎረቤት እንኳ ድምፁን ቀንሶ፣ ይቅርታ ጠይቆ ነው የሚደግሰው። ሥርዓቱ ግን መጀመሪያ ብቻ ሳይሆን መጨረሻም አለው። አርባው ይወጣል፣ ሙት ዓመቱ ይደርሳል፤ ያኔ ዘመድ ወዳጅ መጥቶ «በቃ፣ ከእንግዲህ አውልቅ» ይላል። ሐዘንተኛው በራሱ ጊዜ አያወልቅም፤ ሰው ነው የሚያስወልቀው።

እናቴ ያረፈችው እኔ ካኩማ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። በስልክ ነው የሰማሁት። በሰፈራችን ያሉ ሐበሾች መጡ፣ ቡና ተፈላ፣ ሦስት ቀን አብረውኝ ተቀመጡ። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ከዚያ ሁሉም ወደ ውሃ ወረፋውና ወደ ራሽን ሰልፉ ተመለሰ። አርባዋን እህቴ ብቻዋን አወጣች። ሙት ዓመቷ ሲደርስ የአገር ቤቱ ስልክ አልሠራ ብሎ ድምፅ እንኳ ሳንሰማማ ቀረን። «አውልቅ» የሚለኝ ሰው ስላልነበረ አላወለቅኩም። የካኩማን ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በዚያ ሙቀት ሦስት ዓመት ጥቁር ቲሸርት። በስልኬ የነበሩትን ዘፈኖች አጠፋሁ። ቡና ቤት ተቀምጬ ዘፈን ሲከፈት ሒሳቤን ከፍዬ እወጣ ነበር።

ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እዚህ ብዙ ሰው ሐዘን ላይ ገብቶ የሚያስወጣው አጥቷል።

ከዚህ ያወጡኝ ተማሪዎቼ ናቸው።

በሁለተኛ ደረጃ ታሪክ አስተምራለሁ። በኬንያ የታሪክ ትምህርት ውስጥ «የታሪክ ምንጮች» የሚል ርዕስ አለ፤ የጽሑፍ ምንጭ፣ የቃል ምንጭ፣ የቁፋሮ ምንጭ። መጽሐፉን ማንበብ ስለሰለቸኝ «ነገ እያንዳንዳችሁ ከቤታችሁ አንድ የታሪክ ምንጭ ይዛችሁ ኑ» አልኳቸው። የስደተኛ ቤት ምን ምንጭ አለው ብዬ ብዙም አልጠበቅኩም። ያረጀ የራሽን ካርድ መጣ። ጠርዙ የተቃጠለ ፎቶ መጣ። አንዲት ሶማሊያዊት ልጅ ግን በስልኳ ዘፈን ይዛ መጣች፤ አያቷ የምትሰማው የድሮ ዘፈን። ከኦምዱርማን የመጣ ልጅ ደግሞ በፍላሽ ዲስክ ፊልም ይዞ መጣ። ሁሉም ካሳዩ በኋላ ከኋላ ወንበር አንዱ «ምዋሊሙ፣ የእርስዎስ ምንጭ የታል?» አለኝ።

ባዶ እጄን ነበርኩ። «ነገ» ብዬ አለፍኩት። ያ ነገ ብዙ ሳምንት ወሰደ። ያገኘሁትን ነው የማካፍላችሁ።

በልጅቷ ዘፈን ልጀምር። የአያቷ አገር ሐርጌሳ ነው። በ1988 የሲያድ ባሬ ጦር ሐርጌሳን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደበ። አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከከተማዋ ከራሷ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር፤ ከሐርጌሳ ተነሥተው ሐርጌሳን መትተው እዚያው ያርፋሉ። ከተማዋ ፈረሰች። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው በእግሩ ድንበር ተሻግሮ ኢትዮጵያ ገባ፤ በጅግጅጋ አቅራቢያ ሐርታሼክ ላይ ሰፈረ። የልጅቷ አያት ከነዚያ ሰዎች አንዷ ናት።

በዚያ የጭንቅ ጊዜ የሐርጌሳ ሬዲዮ ሠራተኞችና ሌሎች ነገሩ የገባቸው ሰዎች የዘፈን ቴፖቹን ከሕንፃው አወጡ። ገሚሱን ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ አሻገሩት፤ ገሚሱን መሬት ቆፍረው ቀበሩት። እስቲ አስቡት። ቦምብ ሲመጣ ሰው ልጁን ይይዛል፣ ወርቁን ይይዛል፣ ሰነዱን ይይዛል። እነዚህ ሰዎች የፍቅር ዘፈን ቀበሩ። የቀበሩት ደግሞ ተመልሰው ሊያወጡት ነው። ዛሬ ሐርጌሳ ውስጥ ሬድ ሲ የተባለው የባህል ፋውንዴሽን ከ10,000 በላይ ካሴት ሰብስቦ ያስቀምጣል። በ2017 ከዚያ ዘመን የሶማሊ ዘፈኖች ተመርጠው አንድ አልበም ወጣ፤ ለግራሚ ሽልማትም ታጨ። የልጅቷ ትውልድ ዘፈኑን የሰማው እንደ አዲስ ነው።

ልጅቷ ዘፈኑን ስትከፍት ክፍሉ ውስጥ የነበሩት የኮንጎና የደቡብ ሱዳን ልጆች ቃሉን ሳይሰሙ ትከሻቸውን ነቀነቁ። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር አሰብኩ። የእሷን አያት ያስጠጋች አገሬ ናት። ዛሬ የልጅ ልጇን የማስተምረው እኔ ደግሞ በሰው አገር ተጠግቻለሁ። ተራው እንዲህ ይዞራል።

የኦምዱርማኑ ልጅ ያመጣው ፊልም በእንግሊዝኛ ስሙ «ቶኪንግ አባውት ትሪስ» ይባላል፤ የሱሃይብ ጋስሜልባሪ ዘጋቢ ፊልም ነው። በ2019 በርሊን ፌስቲቫል ላይ ተሸልሟል። ታሪኩ የአራት ሱዳናዊ ሽማግሌዎች ነው። በወጣትነታቸው ውጭ አገር ፊልም ሥራ ተምረው ተመለሱ፤ በ1989 የሱዳን ፊልም ቡድን የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አልበሽር በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዘ። ማኅበሩ በተመሠረተ በጥቂት ወሩ ታገደ፣ ሲኒማ ቤቶቹም ተራ በተራ ተዘጉ።

በፊልሙ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ኦምዱርማን ያለ አንድ ጣሪያ የሌለው የድሮ ሲኒማ ቤት ለአንድ ምሽት እንኳ ሊከፍቱ ይሞክራሉ። አቧራውን ይጠርጋሉ። የሰፈሩን ወጣት «ምን ዓይነት ፊልም ማየት ትወዳላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። ከቢሮ ቢሮ ፈቃድ ይለምናሉ፤ ፈቃዱ አይመጣም። እኔን የያዘኝ ግን መጀመሪያው ነው። መብራት ጠፍቷል። በጨለማ ውስጥ አንዱ ሽማግሌ ሻርፕ ጣል አድርጎ የድሮ የሆሊውድ ተዋናይት ሆኖ ይጫወታል፣ ሌላው ዳይሬክተር ነው፣ አንዱ ካሜራ እንደያዘ ሆኖ እጁን ያዞራል። ካሜራ የለም፣ መብራት የለም፣ ሲኒማ የለም። ይሳሳቃሉ። ሠላሳ ዓመት ሥራቸውን የተነጠቁ ሰዎች ናቸው፤ ደስታቸውን ግን አላስነጠቁም።

ተማሪዬ ፊልሙ ካለቀ በኋላ «ያ ሰፈር የእኛ ከተማ ነው፤ ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ አላየሁትም» አለ። በ2023 ሚያዝያ ስለጀመረው ጦርነት ነው። ሌላ አልጨመረም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

አሁን የእኔ ተራ። እንደ ብዙ ሐበሻ «የእኛ ዘፈን» ስል በልቤ ያለው የእነ ጥላሁን ገሠሠ ዘመን ነው። መለከቱ፣ ሳክስፎኑ፣ ያ ባለ ግርማ ኦርኬስትራ። ከጥንት ጀምሮ የእኛ ብቻ የሆነ፣ ስደትና መከራ ያልነካው ነገር ይመስለኝ ነበር። ለተማሪዎቼ ይህን ላሳይ ብዬ ምንጩን ስከተል የደረስኩት ኢየሩሳሌም ነው።

በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። በአርመን ገዳም ውስጥ የሙት ልጆች የሙዚቃ ጓድ ሲጫወት ሰሙ። ልጆቹ በ1915 በጀመረው የአርመኖች እልቂት ወላጆቻቸውን ያጡ፣ ከሞት የተረፉ ናቸው። ራስ ተፈሪ ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረው አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። በታሪካችን «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡ የነሐስ መሣሪያዎች ቀድሞም ነበሩ። የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆነው በየሥነ ሥርዓቱ የተጫወቱት ግን አርባዎቹ ልጆች ሆኑ።

መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባላል። የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው እሱ ነው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ያ መዝሙር ሲጀምር ኢትዮጵያን ደስ እንዲላት የሚመኝ መሆኑን የድሮ ሰዎች ታስታውሳላችሁ። አገራችንን «ደስ ይበልሽ» ያላትን ዜማ የደረሰው አገሩን የተነጠቀ ሰው ነው። ይህን ሳነብ ለብቻዬ ተነሥቼ ቆምኩ።

ኋላ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን መጣ። በማዘጋጃ ቤትና ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የእኛን ቅኝት ከትልቅ ኦርኬስትራ ጋር እያስማማ ሙዚቀኛ አሠለጠነ። ጥላሁንን ያጀበው የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራም ሆነ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ጓዶቹ ያደጉት በዚህ የነሐስ ድምፅ ዘመን ነው። እንግዲህ «የድሮ» የምንለው ዘፈን አንድ ቀን አዲስ ነበር፤ አዲስ አድርገው ካመጡት ውስጥ ደግሞ ስደተኞች አሉበት። ከስደት ሸሽቼ ልደበቅበት የሄድኩበት ቤት መሠረቱ ላይ ስደተኛ አገኘሁ።

ታሪኩ እዚያ አያበቃም። በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥት አዋጅ ሸክላ የማሳተምና የማስገባት መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣት አዋጁን ጥሶ የራሱን አሳታሚ ከፈተ። የመጀመሪያውን የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሕንድ አገር አስቀርጾ አመጣ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላ አወጣ። ዛሬ ዓለም «ወርቃማው ዘመን» እያለ የሚያደንቀው በአብዛኛው የዚያ አጭር ጊዜ ሥራ ነው። ደርግ መጣ፤ አምሃ በ1975 አገር ለቅቆ ወጣ።

አንድ ነገር ሳላድበሰብስ ልናገር። ደርግ ዘፈንን አልከለከለም። ለራሱ አደረገው። በየቀበሌው ኪነት አቋቁሞ አብዮቱን አዘፈነ፤ በሰዓት እላፊ ደግሞ የሌሊቱን ጨዋታ ገደለው። ዘፈን ሁሉ ነጻ አይደለም፤ ጦርነት የሚያሟሙቅ ዘፈን ትናንትም ነበር፣ ዛሬም አለ፣ ያንን መዝጋት ቁምነገር ነው። የምናገረው ሰው ለሰውነቱ ስለሚዘፍነው ነው።

በ1981 ዋልያስ ባንድ ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሄደ። ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ከቀሩት አንዱ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ነው። በ1985 በወጣው ካሴቱ ቀድሞ ይጫወተው የነበረውን አኮርዲዮን አንሥቶ ከዘመኑ ኪቦርድና ከሪትም ማሽን ጋር አዋሐደው። ከዚያ ኑሮ ሆነና ዋሽንግተን ውስጥ የታክሲ ሾፌር ሆነ። ኪቦርዱን ግን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አላወረደም። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተሳፋሪ እስኪመጣ ወረፋ ሲጠብቅ ያወጣውና ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይለማመዳል። አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አገኘው፤ በ2013 እንደገና አወጣው። ኃይሉ በስተርጅና ወደ መድረክ ተመለሰ። በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ። አዲስ ነው የምላችሁ፤ የድሮውን ደግሞ መሸጥ ብቻ አልነበረም። ግርማ በየነም እንዲሁ ነው፤ ዋሽንግተን ነዳጅ ማደያ ሲሠራ ኖሮ በ2017 አዲስ አልበም ይዞ ተመለሰ።

ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ምን እንደሆነ እኛ እናውቃለን። ዕድሜያችን ወረፋ ነው። ኃይሉ ወረፋውን አላሳጠረውም፤ ግን ጣቶቹን በወረፋ ላይ አላስገደላቸውም።

ለተማሪዎቼ ይህን ሁሉ ካወራሁ በኋላ የዚያን ዕለት ማታ «ላላ በሉ»ን አውርጄ ሰማሁት። ትዝታ ብቻ ብሰማ ኖሮ ሐዘኔን እያዳመጥኩ መቀመጥ ይሆንብኝ ነበር። ይህ ግን ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ነው፤ ከእናቴ ጋር አልሰማሁትም። ቀጥሎ የሚመጣውን ሳላውቅ መስማት እንዴት እንደሚያስደስት ረስቼው ነበር። ሶላሩ ሲያልቅ ስልኬ ጠፋ። በጨለማ ውስጥ እግሬ ራሱን እየመታ እንደነበር ያኔ አወቅኩ።

በማግሥቱ ቡና ቤት ተቀምጬ ዘፈን ተከፈተ። አልወጣሁም። ቡና የሚያፈሉት እትዬ ሁልጊዜ ሒሳብ ሊቀበሉኝ ይነሡ ነበር፤ ስቀመጥ ገርሟቸው አዩኝ። ሁለተኛውን ሲኒ ሲያቀብሉኝ «አንተ ልጅ፣ ስንት ዓመት ሆናት እናትህ?» አሉኝ። «ሦስት ዓመት አልፏታል እትዬ» አልኳቸው። «ሦስት ዓመት!» ብለው ደረታቸውን ያዙ። «እኔ ደግሞ አመልህ መስሎኝ። ነገ ጺምህን ተላጭተህ ና። ይህን ጥቁርም አውልቀው። ነፍሷን ይማር፣ በቃ።»

ሦስት ዓመት ስጠብቃት የነበረችው ቃል እንዲህ በሁለት ሲኒ ቡና መሐል መጣች። ስወጣ ያለቀስኩትን የዘፈኑ ድምፅ ሸፈነልኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ፊልም። እናቴ የምትወደው ፊልም «ኩች ኩች ሆታ ሄ» ነበር። በ1998 የወጣ የሕንድ ፊልም ነው፤ በኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤት ስንት ጊዜ እንደታየ የሚቆጥር የለም። እናቴ ሂንዲ አንድ ቃል አታውቅም፤ ግን በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ታየው ነበር። ባለፈው ሳምንት እሁድ ደግሜ አየሁት። በልጅነቴ የያዝኩት ሻህ ሩክ ካንን፣ ካጆልንና ጭፈራውን ብቻ ነው። አሁን ሳየው ግን ፊልሙ የሚጀምረው በእናት ሞት ነው። እናቲቱ ልጇን ወልዳ ትሞታለች፤ ከመሞቷ በፊት ግን ለልጇ በየልደቷ የሚነበቡ ደብዳቤዎች ትተዋለች። ስምንተኛው ደብዳቤ ልጅቷ ብቻውን የቀረውን አባቷን ከድሮ ጓደኛው ጋር እንድታገናኘው ይነግራታል። ሟቿ ናት የቀሩትን ወደ ደስታ የምትመልሳቸው። እናቴ ያንን ሁሉ ጊዜ ስታለቅስበት የነበረው ይህን ነው፤ እኔ ሠላሳዎቹ ውስጥ ገብቼ፣ በስልክ ስክሪን ላይ፣ ካኩማ ላይ ተረዳሁት።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። ሰው በሚራብበት ሰዓት ስለ ዘፈን? ዘፈን ራሽን አይሆንም፤ ስለ ራሽኑ መጮሄን አልተውም፣ የሚቀጥለው ጽሑፌም ስለዚያው ነው። ግን እዩት፤ ሐርጌሳን የደበደበው፣ የኦምዱርማንን ሲኒማ ያዘጋው፣ የአዲስ አበባን ሌሊት በሰዓት እላፊ የዘጋው፣ ሁሉም ከሰው የወሰዱት ነገር አንድ ነው። እኛ በገዛ እጃችን በልባችን ላይ ሰዓት እላፊ ካወጅን እነሱ የጀመሩትን እየጨረስንላቸው ነው። አገሬን ከድቼ ሳይሆን ስደተኛ ሆኜ ደስ ሊለኝ እንደሚችል የነገሩኝ አርባ የሙት ልጆች ናቸው።

እባካችሁ ሁለት ነገር አድርጉልኝ። አንደኛ፣ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰምታችሁ የወደዳችሁትን አንድ ዘፈን ከታች ጻፉልኝ፤ በማንኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ለተማሪዎቼ አጫውታለሁ። ሁለተኛው ይበልጣል። በሰፈራችሁ፣ በካምፑ፣ በከተማው፣ በባዕድ አገር ሆኖ ሐዘን የደረሰበትና የሚያስወልቀው ዘመድ የሌለው ሰው ካለ ቁጠሩለት። አርባው መቼ ይወጣል? ሙት ዓመቱ መቼ ነው? ቀኑ ሲደርስ ቡና ይዛችሁ ሂዱና «በቃ፣ አውልቅ» በሉት።

እሱ ራሱ አያወልቅም። የሚያስወልቀው ሰው ነው።